የሰማንያችን አሥራ አምስተኛው አንቀጽ

ደብረ ታቦር፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጓደኛዬ ፈንታሁን፣

ይህን ነገር ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈልግም። ሙት ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለውን ለካህናቱ ትቼ እኔ የራሴን ግዴታ ልወጣ። ባለፈው እሑድ፣ ጥር 25 ቀን፣ እኔና ብዙነሽ በሰማንያ ተጋባን። አዎ፣ ያንተዋ ብዙነሽ። አንተ ካረፍህ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፤ እኔም ባለቤቴን ከቀበርሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ሁለታችንም ምሳችንን ብቻችንን መብላት ሰልችቶን ነበር። ነገሩ ከዚህ በሚበልጥ ምክንያት ተጀመረ ብልህ ውሸት ይሆናል፤ አንተ ደግሞ ውሸቴን ሁልጊዜ ታውቅብኝ ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሠርጉ አይደለም። ስለ ልጅህ፣ ስለ ሰላማዊት ነው።

ልንጋባ ማሰባችንን እናቷ በስልክ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ አልደወለችልኝም፤ በየበዓሉ ሳትደውል የማታውቅ ልጅ! በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣች። ተጠርቼ ስሄድ እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሰላማዊት ተነሥታ ሳመችኝና ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እማዬ ብቻዋን እንድትሆን አልፈልግም። ግን ይህን ቤት አባቴ ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ ነው የሠራው። ግማሹም የእኔ ውርስ ነው። የቱ የማን እንደሆነ ሳይጻፍ ከተጋባችሁ እዚህ ቤት ተመልሼ አልመጣም።»

ብዙነሽ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ደሜ ፈላ።

«እኔ እኮ ያስተማርሁሽ ሰው ነኝ! ቤት ሊነጥቅ ነው ብለሽ ጠረጠርሽኝ?» ብዬ ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ብዙነሽ አጥሩ በር ላይ ደረሰችብኝ። ታውቃታለህ፣ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«መምህር፣» አለችኝ፤ እስካሁንም አንቱ ነው የምትለኝ። «ለሰው ሲጽፉ ደግ ሥራ ነው፤ ለራስዎ ሲሆን ስድብ ሆነ?»

እውነቷን ነው። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ከዚህ ከተማ እስከ አንበሳሜ ድረስ ሠላሳ ዓመት የሰው ሰማንያ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሙሽራው ስንት በሬ ይዞ እንደሚመጣ፣ የሙሽሪት ጊደር መልኳ ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም በሽማግሌ ፊት እየጠየቅሁ አሰፍር ነበር። «ተጠረጠርሁ» ያለኝ ሙሽራ አንድም አላስታውስም። ተራው የእኔ ሲሆን ግን ክብሬ የተነካ መሰለኝ።

በማግሥቱ ባለመስመር ወረቀት አውጥቼ ጀመርሁ። አሥራ አራት አንቀጽ ወጣው። ቤቱና ሁለቱ ሱቆች የብዙነሽና የሰላማዊት፤ የጓሮው ባሕር ዛፍም እንደዚሁ። አንተ ያሠራኸው አልጋ፣ ሬዲዮኑ፣ መዶሻህ እንኳ አልቀረም። የእኔ ደግሞ መጻሕፍቴና ሐሙሲት ወንድሜ ዘንድ ያለችው ላም። ከጋብቻው በኋላ አብረን የምናፈራው የጋራችን። በመጨረሻም በቤቱ ላይ ዛሬም ሆነ ወደፊት ምንም ዓይነት መብት እንደማልጠይቅ ጻፍሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እልህ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤ ስሕተት ስላላገኘሁበት በፖስታ አሽጌ ለሰላማዊት እንዲያደርስልኝ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት።

በሳምንቱ ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስህ። ሰላማዊት ሰባተኛ ክፍል ሳለች የደብዳቤ አጻጻፍ ፈተና ሰጥቼ ነበር። የእሷ ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ቀን መጻፍ ስለረሳች ግን ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። አንተም መምህራን ማረፊያ ውስጥ በሰው ፊት «አንተ ድንጋይ! ለቀን ብለህ የልጄን ማርክ ትቆርጣለህ?» ብለህ ሁለት ቀን አኮረፍኸኝ።

አሁን በእኔ ወረቀት አናት ላይ 9/10 ተጽፎ በቀይ ተከቧል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ቀኑን አልረሱም። ራስዎን ረሱ» ይላል።

ቀጥላም እንዲህ ጽፋለች፦ «ከእማዬ ጋር ለመኖር የተከራዩትን የቀበሌ ቤት ሊመልሱ ነው። እግዜር አያድርገውና እማዬ ብትቀድም፣ በዚህ ውል መሠረት በማግሥቱ አውጥቼ ልጥልዎት እችላለሁ። ይጻፍ ያልሁት ለዚህ አይደለም።» ከአሥራ አራተኛው አንቀጽ በታች ደግሞ በራሷ እጅ ይህን ጨምራለች፦

«አንቀጽ 15። መምህር ዓለምነው በሕይወት እስካሉ ድረስ በዚህ ቤት ይኖራሉ። እኔም ሆንሁ ከእኔ በኋላ የሚወርስ ማንም ሰው ይህን ሊከለክል አይችልም።»

ይህን ያነበብሁት ሱቅህን ከተከራየው ከልብስ ሰፊው ከይማም ዘንድ ቁጭ ብዬ ነው።

«ምን ሆኑ መምህር? እምቢ አለች እንዴ?» አለኝ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ወላሂ፣ የሠላሳ ዓመት ጸሐፊ በተማሪዎ ተበለጡ!»

«እንኳንም ተበለጥሁ» አልሁት።

በልማዱ ሰማንያውን በምስክሮች ፊት ጮክ ብሎ የሚያነበው ጸሐፊው ነው። እሑድ ዕለት ግን ጸሐፊው ሙሽራው ሆኖ ተገኘና ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እኔ አነባለሁ» አለች ሰላማዊት። ቆማ አንድ በአንድ አነበበችው። አልጋህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ማንም ሳያጣድፋት ጠበቅናት። አሥራ አምስተኛውን ግን ወረቀቱን ሳታይ፣ እኔን እያየች በቃሏ ወጣችው።

«ድገሚው እስቲ፣ አልሰማሁም» አላት ይማም። ሰምቷል።

ደገመችው። ብዙነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «እስክሪብቶውን አምጡት እንጂ፣ ሙሽራው ሐሳቡን ሳይለውጥ!» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከፊርማው በኋላ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ሰላማዊት ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች።

ፈንታሁን፣ አመሰግንሃለሁ። ስለ ቤቱ አይደለም፤ መግቢያ ባጣ ወንድሜ በሩን አይዘጋብኝም። በተቆጣችበት ሰው ላይ እንኳ የጎደለውን አይታ የምትሞላ ልጅ አሳድገህ ስለሄድህ ነው። እኔ ያስተማርኋት ቀን መጻፍ ብቻ ነው፤ ሌላውን ከእናንተ ነው ያገኘችው። ስለዚያች አንድ ማርክ ግን አሁንም ይቅርታ አልጠይቅህም።

ውሉ በአራት ቅጂ ተፈርሟል፤ ለብዙነሽ፣ ለሰላማዊት፣ ለእኔና ለወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት። አምስተኛውን በእጄ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መዶሻህ ባለበት መሳቢያ ውስጥ አኖርልሃለሁ። የቀበሌውን ቤት ቁልፍ ዛሬ ጠዋት መልሻለሁ።

በጓሮው በኩል ጣራህ ያፈሳል። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን እመታልሃለሁ፤ መዶሻውን በአንቀጽ ስድስት መሠረት ሰላማዊትን አስፈቅጄ።

በቤትህ የሚኖረው ጓደኛህ፣
ዓለምነው