ለማነጻጸሪያ የሰጠሁት ቆዳ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እግርህስ? አሁንም ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምትሄደው ወይስ ምርኩዙን እሺ ብለህ ያዝክ? የእማዬ ጉልበት፣ የባለቤትህ ሳል፣ የልጅህ ትምህርትስ እንዴት ነው? እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እዚህ ላቦራቶሪያችን መጥተህ ሳለ ከክንድህ ቆንጥረው የወሰዱትን ቆዳ መቼም አልረሳኸውም፤ «ሥጋዬን ልትቸረችሩት ነው እንዴ?» ብለህ አስቀኸናል። ከእሱ ሕዋሳት አሳድገን፣ ከባሕር እንስሳ የተገኘ የሚያበራ ፕሮቲን እንዲሠሩ አደረግን። ፕሮቲኑ የሚሄደው ለሕዋሱ ኃይል ወደሚያመነጩት ጥቃቅን ክፍሎች ብቻ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል፤ ሕዋሱ ሳይሞት ውስጡን በማይክሮስኮፕ ታያለህ። የጤነኛ ሰው እንደ ረጃጅም ክር ሆነው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ያንተዎቹ ተበጣጥሰው አንድ ጥግ ተከምረዋል። ሰነፍ ያሉህ ሰዎች መጥተው ባዩልኝ።

ለማነጻጸሪያ ጤነኛ የቤተሰብ ሰው ሲፈለግ የራሴን ቆዳ ሰጠሁ። ሳየው የኔም ተበጣጥሷል። ሕዋሳቱ የሚያድጉባቸውን ሳህኖች ያቀያየርኩ መስሎኝ ራሴን ስረግም ቆየሁና ሁሉንም ጥዬ ከሀ ጀመርኩ። ያው ሆነ። አለቃዬ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «የወንድምሽ አይደለም፤ ያንቺ ነው» አለችኝ። ሥራውን ለሌላ ልስጠው ወይ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ከዚያ እጅ መታጠቢያው ጋ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ደረጃ ስወጣ ጭኔን የሚይዘኝ ድካም ነው ስል ከርሜ ነበር። ሐኪሙ ግን የበሽታው ጅማሬ ነው አለ። ለጊዜው መድኃኒት የለውም፤ አልዋሽህም። አንተ ከጣሪያ ወድቄ ነው በራሴ ላይ ያመጣሁት እያልክ ስትጸጸት ኖረሃል። ያመጣብህ ውድቀቱ አይደለም። ምናልባትም የወደቅከው እግርህ ከድቶህ ነው። ይህን ቶሎ እንድታውቅልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የሚያንገበግበኝ የልጅህ ነገር ነው፤ ከአባትም በዘር ይተላለፋል። ትመርመርም አትመርመርም አልልህም። አድጋለች፣ ሁሉንም ንገራትና ራሷ ትወስን። እኔ ሳልጠየቅ ነው ያወቅሁት፤ እሷ ትጠየቅ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ሳሏን ችላ እንዳትለው። ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። ለእማዬ ከሰላምታ በቀር ምንም አትንገራት። የሁለት ልጆቿን ነገር ከወረቀት እንድትሰማ አልፈልግም። እግሬ እሺ እያለኝ መጥቼ፣ እጇን ይዤ እኔው እነግራታለሁ።

ታናሽ እህትህ
ከላቦራቶሪው፣ መስኮቱ አጠገብ
ኅዳር ፱ ቀን