ወደ አፈር የገቡት

ሐምሌ ፯፣ ሥላሴ

ዛሬ ጠዋት አንድም ተምች የለም። ትናንት ግጦሹ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይርመሰመስ ነበር፤ ዛሬ የተጋጠ የሣር ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ጤፋችንም እንደዚያው ነው። ጣት ያህል አድጎ የነበረው ቡቃያ ተበልቶ አልቋል።

ሦስት ቀን ምህላ ተደርጎ ነበር። ሰው ሁሉ ጸሎቱ ደረሰ እያለ ደስ ብሎታል። እኔም ከሴቶቹ ጋር እልል ብያለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የባለቤቴ ወንድም አያ ደምሴ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። «እቴ፣ ነገ ጉድጓዱን እንክፈት፤ ዝናቡ ሳያልፍ እንዝራ» አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ዘራችን ነው። ባለቤቴ ወደ አርበኞቹ ከመሄዱ በፊት ጣልያን እንዳያገኘው ብሎ ቀበረው። ያለ እኔ ቃል እንዳይከፈት ለወንድሙ ነግሮታል። አማኑኤል ገበያ ወታደር ከሰፈረበት ወዲህ ዘር የሚሸጥ አልተገኘም። ይህ ከጠፋ ሌላ የለንም።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ያ ሁሉ ተምች በአንድ ሌሊት ወዴት ገባ እያልኩ አመሸሁ።

ሐምሌ ፰

አገኘሁት።

ይህ ደብተር የልጄ የይርገዱ ነው። የፊተኞቹ ገጾች የእሷ ጽሕፈት ናቸው፤ እኔ የምጽፈው ከኋላ ነው። ካረፈች ወዲህ የፊቱን ገልጬ አላውቅም ነበር። ሚያዝያ ላይ ወታደሮች መንደሩን ሲያስሱ ሸሽተን ዓባይ በረሃ ወረድን። ንዳድ ያዛት። በስምንተኛው ቀን እዚያው ቀበርናት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ዛሬ ገለጥኩት። እንዲህ ይላል፦ «ተምች ለብቻው ሲያድግ አረንጓዴ ነው። ሲበዙ ጥቁር ይሆናሉ። የሚበሉት ሣርና ሣር የሚመስል ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ። ባቄላ አይነኩም። ማሰሮ ውስጥ ያኖርኳቸው ዛሬ ወደ አፈር ገቡ። ከዚያ ምን እንደሚሆኑ አላየሁም፤ እናቴ ደፋችብኝ።»

እውነት ነው፣ ደፍቼዋለሁ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። «ቤቴን የትል ቤት ልታደርጊው ነው?» ብዬ ማሰሮውን ከአጥር ውጭ ገለበጥኩት። እራቷን ሳትበላ ተኛች። እኔ ረስቼው ነበር። እሷ ጽፋዋለች።

ከሰዓት በኋላ ግጦሹ ላይ ተንበርክኬ አፈሩን በጣቴ ጫርኩ። አሉ። እግር የላቸውም፣ አፍ የላቸውም፤ ቡናማና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ይረዝማሉ። የሞቱ መስለውኝ አንዱን ስነካው ጅራቱን አወዛወዘ። አሥራ ሁለት ለቅሜ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ውስጥ ከነአፈራቸው አኖርኩ። በሻሽ ሸፈንኩት።

ለአያ ደምሴ አሳየሁት። ሳቀ።

«ተምች ከመቃብር ሲነሳ አይቼ አላውቅም።»

«መቃብር አይደለም አያ። ይንቀሳቀሳል እኮ፣ እየው።»

«ተነስቶስ ምን ሊሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጤፋችንን መልሶ ቢበላውስ?»

እስከ ሚካኤል እንደሚታገሠኝ ነገረኝ። በማግሥቱ ግን ጉድጓዱን ራሱ ይከፍተዋል፤ ወንድሙ ሲመጣ ለምን እንደዘገየን መልሱን ለእሱ እኔው እሰጣለሁ።

ሐምሌ ፱

ምንም የለም። ማሰሮውን አራት ጊዜ አየሁ። አፈሩ እንዳይደርቅ ውኃ በጣቴ ረጨሁበት።

አውሮፕላን ወደ ደብረ ማርቆስ በኩል አለፈ። ከብቶቹ ደነገጡ።

ልጄ ብትኖር ምን ትል ነበር እያልኩ ዋልኩ። «እማዬ አትነካኪው» ነበር የምትለው።

ሐምሌ ፲

ማሰሮውን ይዤ አባ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ምህላውን የመሩት እሳቸው ስለሆኑ ነገሩ ከብዶኝ ነበር። ጸሎቱን ያቃለልኩ እንዳይመስልብኝ እየተጠነቀቅሁ ነገርኳቸው። ከማሰሮው አንዷን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«እኔ ዳዊት ተማርኩ እንጂ ተምች አልተማርኩም» አሉ። «እግዜር ከሣሩ ላይ አንሥቶልናል። ከአፈሩ ውስጥ ማንሣቱን ለእኛ ትቶት እንደሆነ ማን ያውቃል? በሬ ያለው ይረስ።»

«ቢያርሱስ ይሞታሉ አባ?»

«ዶሮ ያለሽ ሴት እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

እየሳቅሁ ተመለስኩ። ብዙ ቀን አልሳቅሁም ነበር።

ሐምሌ ፲፩

አያ ደምሴ ማሳውን እንደገና አረሰው። አባ ወልዴ ብለዋል ስላልኩት ነው እንጂ በእኔ ቃል አልነበረም። ለዘር ያለሰለሰውን መሬት መልሶ ማረሱ ስላናደደው በሬዎቹን ሲሳደብ ዋለ።

ከሞፈሩ ኋላ ቡናማዎቹ እየተገለበጡ ወጡ። መጀመሪያ ዶሮዎቼ መጡ። ቀጥሎ ቁራ። ቀጥሎ ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች፣ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ማሳው ነጭ እስኪሆን። አያ ደምሴ በሬዎቹን አቁሞ አየ። «ይሄ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር?» አለ። ደስ ብሎኛል።

ግጦሹ ግን አይታረስም። እዚያ ያሉት እንዳሉ ናቸው።

ሐምሌ ፲፪፣ ሚካኤል

አስቀደስኩ። የይርገዱን ስም ለጸሎት ሰጠሁ። ማሰሮው ውስጥ ለውጥ የለም። ሁለቱ ሻግተዋል። አሥር ቀሩ። ነገ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?

ሐምሌ ፲፫

በጠዋት ዶማ ይዞ መጣ። እጅ ነስቶ ቆመ፣ አልተቆጣም። ሻሹን ገለጥኩለት። ትናንት ቡናማ የነበሩት ዛሬ ጠቁረዋል። በአንዷ ቅርፊት ውስጥ የታጠፈ ክንፍ የመሰለ ነገር ይታያል። አያ ደምሴ ማሰሮውን ወደ ደጁ ብርሃን ይዞ ወጥቶ አትኩሮ አየ።

«ክንፍ ነው» አለ።

ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ።

ሐምሌ ፲፬

ሦስት ወጥተዋል። ሲወጡ ክንፋቸው የተጨማደደ እርጥብ ጨርቅ ይመስል ነበር። ቀስ ብሎ ተዘረጋ። የላይኛው ክንፍ አመድማ ነው፤ የታችኛው ነጣ ያለ፣ ጅማቱ የሚታይ።

አወቅኋት። የእሳት እራት ናት። ሰኔ መግቢያ ላይ ኩራዙን እየከበቡ እራት ያስተጓጎሉን እነዚህ ናቸው። በጨርቅ ስናባርራቸው ነበር የምናመሸው። ተምቹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ እናትየዋ ይህች ናት።

አያ ደምሴን አስጠርቼ ነገርኩት። «እዚህ ከሰፈሩ ተምቹ ይመለሳል። ከሄዱ እንዘራለን» አልኩት። «ጌታዬ፣ ለእሳት እራት ዘበኛ ልሁን?» አለ። ግን አመሻሹ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ግጦሹ ዳር ቆሞ አየሁት።

ሐምሌ ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት

ትናንት አልጻፍኩም፤ ቀለም በጥብጬ ስጨርስ ደክሞኝ ነበር።

ትናንትም ዛሬም ፀሐይ ስትገባ የእሳት እራቶቹ ከግጦሹ ተነሡ። ቀን ቀን እንደገና ያቆጠቆጠው ሣር ሥር ተደብቀው ነው የሚውሉት፤ ሲረግጧቸው ብቻ ብር ይላሉ። ሲመሽ ግን ሣሩን እየወጡ ጫፉ ላይ ይቆማሉ፤ ክንፋቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ወደ ላይ ነው። ነፋሱ ወደ ጮቄ ተራራ ነበር። አብረውት ሄዱ። የዛሬዎቹ ከትናንቶቹ ያንሳሉ።

«እንዝራ?» አለኝ አያ ደምሴ።

«እንዝራ» አልኩ።

ሐምሌ ፲፯

ጉድጓዱ ተከፈተ። ዘሩ ደህና ነው፣ ነቀዝ አልነካውም። ከብቱን ማሳው ውስጥ ነድተን አስረገጥን፤ አያ ደምሴ ዘራ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው።

ቤት ስገባ ማሰሮውን ገለጥኩ። ከወጡት እራቶች ለአራቱ ሣር አስገብቼላቸው ነበር፤ ሌሎቹን ለቅቄያቸዋለሁ። ሦስቱ ሞተዋል። አራተኛዋ የሣሩ ቅጠል ሥር እንቁላል ጥላለች፤ ከጤፍ የሚያንስ፣ የተደራረበ። እንቁላሉን ጥቁር ፀጉር ሸፍኖታል። ከየት እንዳመጣችው ፈለግሁ። የሆዷ ጫፍ ተመልጧል። ከራሷ ነቅላ አልብሳቸዋለች።

ሣሩን ይዤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘራችን ዛሬ አፈር ገብቷል፤ ምርጫ የለኝም። መጀመሪያ ግን ደብተሩን ከፊት ገልጬ ከይርገዱ ጽሕፈት ሥር ያየሁትን ጻፍኩላት፤ ስንት ቀን እንደቆዩ፣ ክንፋቸውን፣ ወደ የት እንደሄዱ፣ ስለ ፀጉሩም። ገጹ ሞላ። ከዚያ ሣሩን እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት።

ሁሉም ሄደው እንደሆነ አላውቅም። ነገ ግጦሹ ላይ ወርጄ ቅጠል ቅጠሉን እያገላበጥኩ አያለሁ። አያ ደምሴም እመጣለሁ ብሏል።