ማሳው የት ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ሞተሯ ዛሬም አልነሳም አለች። ልብስ አጠብኩ፣ ሽንኩርት ላጥኩ፣ በየመሃሉ እየወጣሁ ረገጥኳት... ምንም። የፊት መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ክላክሱ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ከዚያ ውጪ ዝም።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ፣ ከድልድዩ ማዶ። ጠዋት በዚያ በኩል የሚያልፍ መኪና የለም። ይህች አሮጌ ሞተር ካልተነሳች ሥራውም የለም፣ በቃ። ከዚያስ? ከዚያማ የወንድም ጋሼ ሱቅ። ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ ሳሙና መደርደር። "ቦታሽን ጠርጌ እየጠበቅኩሽ ነው" አለኝ ዛሬ፣ እየሳቀ። ሳሙናውን ራሱ ይደርድር!

አጎቴ ዓይኑ ሲደክም ነው ሞተሯን ለእኔ የሰጠኝ። በእሱ እጅ ሳለች በአንድ ምት ነበር የምትነሳው። በእኔም እጅ እንደዚያው። ወንድም ጋሼ "ላሳምርልሽ" ብሎ ወስዶ ቀይ ቀለም አስቀብቶ አመጣት፤ ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ላይ ናት። ብዙ ቆማ ባትሪው ደክሞ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ባትሪው አይደለም። ተሸክሜ ወስጄ ቻርጅ አስደረግኩ፣ "ሙሉ ነው" አሉኝ። መልሼ ገጠምኩ። ያው ናት።

ብልጭታ ሰጥቶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ካንዴላ ፈታሁ። ጠቁሯል። ጠርጌ ገመዱ ላይ ሰካሁና ብረቱን ከሞተሩ አካል አስጠግቼ ረገጥኩ። ብልጭ ማለት ነበረበት። አላለም። አዲስ ገዛሁ። እሱም አላለም።

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። ከጎማው ላይ ቀና እንኳ ሳይል፦

"ወንድምሽን ላኪው፣ ለእሱ አስረዳዋለሁ።"

"ሞተሯ የእኔ ናት።"

"ቢሆንም።"

ቢሆንም! ምን ማለት ነው ቢሆንም? ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ መፍቻዎቹ መሃል አስቀመጥኩለት። "ለእኔ ነው የምትደውለው" ብዬ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ ለብቻዬ ስጨቃጨቅ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ገመዶቹን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩ። የተቆረጠ የለም። ፊውዙ ደህና። ቁልፉ ደህና። እኔ ብቻ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ፍሬቻ ሳበራ የፊት መብራቱም አብሮ ይጠቅሳል። ምን አገናኛቸው? ደግሜ አበራሁ። ይጠቅሳል። እያሾፈችብኝ ነው እንዴ?

ለመካኒኩ ደወልኩ። ስለ ጥቅሻው ነገርኩት። "እ... እጄ ላይ ሥራ አለ፣ መልሼ እደውላለሁ።" አይደውልም።

እማዬ ማታ "ሱቁ ምን አለው? ጥላ ነው፣ ዝናብ አይመታሽም" አለች። እሷም ከእሱ ጋር ሆነች ማለት ነው። ይሁን። ዝናቡ ይምታኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

የዛሬው ጉድ ነው።

ስልኬን ቤት ረስቼ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"አንቺ ልጅ፣ ማሳ አለሽ?"

"የምን ማሳ?"

"አንድ ሰውዬ ደውሎ 'ችግሩ ማሳው ነው፣ ማሳውን ትየው' ብሎ ዘጋው። እናትሽን ደብቀሽ መሬት ገዛሽ?"

ሳቅኩ። መሳቄ ባሰባት። "የወለድኩሽ እኔ! ከሰው አፍ ልስማ?" አልቅሳ ልትገድለኝ።

ከሰዓት ወንድም ጋሼ ከች። ሱቁን ዘግቶ! በሥራ ሰዓት! "እህት ዓለም" አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ እህት ዓለም ብሎኝ አያውቅም።

"ቦታው የት ነው? ውሃ ይተኛበታል? ችግር አለበት ብለዋል አሉ... ወሰን ገፍተውሽ ከሆነ እኔ አለሁ።"

ላስረዳው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅብኝ አልነበር?

"ድንች ልተክልበት አስቤ ነበር" አልኩት።

"ድንች ጥሩ ነው" አለ፣ በጣም አስቦበት። ይበለው።

ሲሄድ ለመካኒኩ ደወልኩ። ማሳ ምንድነው? እስኪያስለው ሳቀ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስቶ የሞተሯ ብረት ላይ በብሎን የሚታሰረው ገመድ ነው አለኝ፤ እነሱ ማሳ ነው የሚሉት። እሱ በደንብ ካልያዘ ኮረንቲው መመለሻ አጥቶ በሌላ ገመድ በኩል ይሾልካል፤ መብራቱ ከፍሬቻው ጋር የሚጠቅሰው ለዚያ ነው።

"ስለ ጥቅሻው ባትነግሪኝ ኖሮ ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠው ኮይል ነው ብዬ አስለውጥሽ ነበር" አለ።

"እና... ወንድሜን ልላከው?"

"ኧረ አንቺው ፍቺው" አለኝ። ድምፁ ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ኮርቻውን አነሳሁ። ማሳውን አገኘሁት። ብሎኑ ጥብቅ ነው፣ ገመዱም ደህና። ታዲያ ምን ጎደለው? ተስፋ ልቆርጥ ስል ለማንኛውም ብዬ ፈታሁት።

ሥሩ ቀይ ቀለም! ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ የወንድም ጋሼ ቀለም። ሲቀቡ ገመዱን ፈትተው፣ ብረቱን አልብሰው፣ መልሰው ቀለሙ ላይ አሰሩት። ኮረንቲ በቀለም አያልፍም። አምስት ቀን ሙሉ ማሳመሩን ስፈልግ ነው የከረምኩት።

በቢላ ፋቅኩት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን። ወንድም ጋሼ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

"ኧረ ቀለሙን! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ማሳዬን እያረስኩ" አልኩት።

አልገባውም። ገመዱን አሰርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። መብራቱ ቦግ አለ። ክላክሱን ስነካው እማዬ ከጓዳ "በስመ አብ!" አለች። ረገጥኩ። አንዴ። ሁለቴ። ተነሳች! ጭሷን ሁሉ ወንድም ጋሼ ሱሪ ላይ ለቀቀችው።

ስለ ማሳው ያኔ ነገርኳቸው። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። "ድንቹስ?" አለኝ። ሆን ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ። ሆን ብሎማ ቢሆን እንዲህ አይችልበትም። ግን ባትነሳ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ያ ነው ያናደደኝ። ፊት ለፊት ነገርኩት። "ነገ ሥራ እሄዳለሁ፣ ባንኮኒው ጀርባ ሌላ ሰው አስቀምጥ።" ሱሪውን እያራገፈ ወጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ተነሳች። ድልድዩን ስሻገር ጮክ ብዬ ዘፈንኩ፤ ማን ሰማኝ? በሰዓቱ ደረስኩ። ነጭ ጋዋን ሰጡኝ፣ እጅጌው ረዘመብኝ፣ ጠቀለልኩት።

ስመለስ ገበያው መሃል ቀጥ አለች። ሌላ ቦታ አጥታ የወንድም ጋሼ ሱቅ ደጃፍ! ሰው ከበበኝ። አንዱ ይሳለቃል፣ አንዱ "ወይኔ እህቴን" ይላል። ወንድም ጋሼ ከባንኮኒው ወጥቶ መጣ። ፊቱ ልክ እንደ ቀለሙ ቀልቷል።

"ሰው ልጥራልሽ?" አለ፣ በሹክሹክታ።

"ሰው መጥቷል" አልኩት።

መፍቻዬን አወጣሁ። ክላክሱን ሞከርኩ፤ የለም። መብራቱም የለም። ስለዚህ ካንዴላው አይደለም፣ ከባትሪው ጀምሬ ነው የማየው። የጎኑን ክዳን ስፈታ ብሎኖቹን የማስቀምጥበት አጣሁ፤ መሬቱ ጭቃ ነው።

ወንድም ጋሼ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መዳፉን ዘረጋልኝ።