ቢጫው ናስትሮ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ባለቤትህ ሰብሊና ልጆቹስ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? እኔ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፤ የምጽፍልህ ስለሌላው ነው። ጋራዥህ ከእኔ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። መጥቼ ፊት ለፊት እንዳልነግርህ ግን እጄን አላምነውም።

አይሱዙውን ትናንት ራሴ ፈታሁት። ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ ጭኜ ስመለስ እንደልማዱ ሞተሩ ቀጥ አለ። ጋቢናውን ገልብጬ፣ ከባትሪው ጀምሬ በአምፖል እየሞከርኩ ሽቦውን ተከተልኩ። ሾፌር ብሆንም አንተ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ጋቢናው ከሻሲው ጋር በሚገጥምበት ቦታ አምፖሌ አንዴ በርቶ አንዴ ጠፋ። ሽቦው እዚያ ተቆንጥጦ፣ ልባሱ ተልጦ፣ የተጠቀለለበትም ተበልቶ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መዳቡ ብረቱን ይነካል።

ባለፈው ጋቢናውን ስትዘጋ ነው የቆነጠጥከው። ይሁን፣ በማንም ይደርሳል፤ እኔም ስንት ሽቦ አቃጥዬብሃለሁ። የገደለኝ የተጠቀለለበት ነገር ነው። የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ ወደ ግራ ተጠቅልሎ፣ ከላይ በቀጭን የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ታስሯል። ካንተ ሌላ ግራኝ ኤሌክትሪሺያን አላውቅም። ናስትሮው ደግሞ ቢጫ ነው። ጥቁሩ አልቆ ቢጫውን ከሳላዲን ሱቅ ገዝቼ በእጅህ የሰጠሁህ፣ መኪናው ጨንቻ ዳገት ላይ መጀመሪያ ከቆመብኝ በኋላ ነው። ስለዚህ አይተኸዋል። አይተህ ሸፍነኸዋል።

ከዚያስ ምን አልክ? ለባለመኪናው ለአቶ ጀይሉ፣ ሽቦው ንጹህ ነው፣ እኔ የሠራሁት አይበላሽም አልከው። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ወስደህ፣ ይሄ ጎሜ ነው፣ የተደበቀ ጥፋት የሚያመጣው መዓት ነው፣ የደበቅኸው ካለ ሽማግሌ ፊት ተናገር፣ አለዚያ መኪናው አንድ ቀን ገደል ይዞህ ይገባል አልከኝ። ቸርች ስንሄድ ጎሜን ትተናል እንላለን፤ ዳገት ላይ ፍሬን ረግጠህ ስትቆም ግን ሌላ ነው። ፈራሁና ሄድኩ።

ገረሴ ድረስ ሄጄ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ዱቡሻ አደባባይ፣ እርጥብ ሣር ይዤ እማዬ እየሰማች ተናገርኩ። አባባ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቤቴ ወስዳችሁኝ ልሙት ብሎ ሲለምነኝ፣ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል ብዬ ዋሸሁት አልኩ። መንገዱ ክፍት ነበር፣ በማግስቱ ሞተ አልኩ። አንተ አጠገቤ አንገትህን ደፍተህ ታለቅስ ነበር። ለእኔ የምታለቅስ መስሎኝ እጅህን ያዝኩት። ወይ አንተ ሰውዬ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ከእጄ ውሃ አትቀበልም። ስገባ ተነስታ ወደ እንሰቱ ትሄዳለች።

መኪናው ግን ከዚያ በኋላም ሦስቴ ቆመ። ሽማግሌው ጋሽ ዳልጮ፣ ጎሜ በግማሽ ንግግር አይለቅም፣ ያስቀረኸው አለ፣ ቅዳሜ ተመልሰህ ጨርስ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ስም አስቀርቼ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያን ስም ልናገር አልናገር እያልኩ ምግብ አልበላልህ አለኝ። ጋቢናውን የገለበጥኩትም ለዚህ ነው፤ የሽቦ ብልሽት ባገኝ ያ ሰው ይተርፋል ብዬ። አገኘሁ። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር። ከድተኸኛል ወንድሜ፣ ሌላ ቃል አጣሁለት።

ሽቦውን በአዲስ ቀይሬዋለሁ። ዛሬ ጨንቻ ደርሼ መጣሁ፤ አንዴም አልቆመ። ለአቶ ጀይሉ፣ ሽቦው አርጅቶ ነው አልኩት። ቁራጩን ከነቢጫው እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ።

ቅዳሜ ዱቡሻው ላይ እገኛለሁ፤ የምጨርሰው ግን የለኝም። አንተም ና። እማዬም ትመጣለች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ መንገዱ ተዘግቷል በለው ብሎ የመከረኝ ማን እንደሆነ እማዬ ከእኔ አፍ አትሰማም፤ መናገሩ ያንተ ነው።

ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። በሽምግልናህ ቤቴ ውሰዱኝ ስትላቸው የሚወስዱህ ያድርግልህ።

ያው ታናሽ ወንድምህ