ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለተፈለገው የቤንዚን ታንክና ስለ ሊቀመንበራችን ዕረፍት ከማኅበሩ የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ሠሪዎችና ወዳጆች ማኅበር መሥራችና ሊቀመንበር፣ በሁላችንም ዘንድ «ጋሽ ለጊዜው» በሚል ስም የሚታወቁት፣ ባደረባቸው ሕመም በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ሰኞ ጠዋት በቤታቸው ዐርፈዋል። ቀብራቸውም አባላቱ ሄልሜታቸውን በእጃቸው እንደያዙ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ተፈጽሟል። ማኅበሩ የደረሰበትን ከባድ ሐዘን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቹና የሞተሮቻችንን ጩኸት ለዓመታት ለታገሡ ጎረቤቶች ሁሉ ያስታውቃል።

ይህን መግለጫ የጻፈችው የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ጸሐፊዋ የሟች ባለቤት በመሆኗ ሥራው ለሌላ እንዲሰጥ ጠይቃ ነበር። ሆኖም ምክትል ሊቀመንበራችን፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ያዘጋጁት ረቂቅ አራት መስመር ብቻ ሆኖ፣ ሦስቱ ስለ ሞተር መቀመጫ በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም። የማኅበሩ አባል የሆኑት በያጅም «እትዬ፣ እኛ ጽፈን የምናውቀው የሰሌዳ ቁጥር ነው፤ እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ» ሲሉ ጉዳዩ ተዘጋ። ስለዚህ ከዚህ በታች ለባለቤታቸው የሚቀርበው ማጽናኛ ጭምር በራሷ በባለቤታቸው እጅ የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ሟች በሙያቸው የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ። በአንድ ሸሚዝ ፋብሪካ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ፣ ሁለት መቶ መኪና በአንድ ላይ እየጮኸ ዘይት የጠማው የትኛው እንደሆነ በር ላይ ቆመው ይለዩ ነበር። ለአሮጌ ሞተር ሳይክል የነበራቸው ፍቅርም ከዚሁ ጆሮ የመነጨ ነው። «ፋብሪካ የሚያወጣው ሞተር ለሁሉም ሰው ስለሚሠራ ለማንም ልክ አይሆንም» ይሉ ነበር። በእጅ የተሠራ ግን ተለክቶ እንደተሰፋ ኮት ነው፤ መሪው የባለቤቱን ክንድ፣ ወንበሩ የባለቤቱን ወገብ ያውቃል። ሥራቸው ሲደነቅ «ለጊዜው ነው» ብለው ስለሚመልሱ ቅጽል ስማቸው በዚያው ቀረ። የቤታቸው በር ለጊዜው ተብሎ የተሰካበት የካቻቢቴ እጀታ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሆነው ሞተር ሻንሲው ከፖስተኛ ሞተር፣ የፊት መብራቱ ከትራክተር፣ የጭስ ማውጫው ከውኃ ቧንቧ የተገኘ ነው። መቀመጫው ከምክትል ሊቀመንበሩ ክሊኒክ ከወጣ የሕመምተኛ ወንበር የተቆረጠ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ሳይታወቀው አፉን ይከፍታል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ሰሚው «ጠፋ እንዴ?» ብሎ እስኪሰጋ ድረስ ይዘገያል። ይህ ዝግታ ጉድለት ሳይሆን የሦስት ክረምት ልፋት ውጤት መሆኑን ማኅበሩ በዚህ አጋጣሚ ያስገነዝባል።

የጎደለው ታንኩ ነበር። ታንኩን የቀጠቀጡት ቆርቆሮ ሠሪው የሟች አባት ናቸው። የልጃቸውን ጉልበት በክር ለክተው፣ ግራና ቀኙን በዚያው ልክ አጎድጉደው፣ ዓይናቸው ሳይደክም የጨረሱት የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ይህ ታንክ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከሟች ወጥ ቤት ጠፋ።

በመጀመሪያው ዓመት፦ ታንኩ በጠፋ በሁለተኛው ወር ሟች ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ይህን ማኅበር መሠረቱ። የመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ አንድ «የማኅበሩ ዓላማ የሊቀመንበሩን ታንክ መፈለግ ነው» ይላል። በየቅዳሜው የውድቅዳቂ ብረት ማከማቻዎችን ማሰስ ተጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት፦ በታንኩ ምትክ አምስት ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን ለጊዜው ታሰረ።

በዘጠነኛው ዓመት፦ ጀሪካኑ ቁልቁለት ላይ ተፈቶ ከሞተሩ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሟች ሞተሩን እየገፉ ተከተሉት።

እስከ አሥራ ስምንተኛው ዓመት፦ በፍለጋው አርባ አንድ የፊት መብራት፣ ስድስት ካምቢዮና ቁጥሩ ያልታወቀ ካቴና ተገኝቶ፣ ከዚሁ አሥራ አንድ ሞተሮች ተሠርተዋል። ያልተገኘ ነገር ቢኖር ታንኩ ነው።

በቀብሩ ማግስት በተጠራው አስቸኳይ ጉባኤ የቀረበው አጀንዳ፣ የታንኩ ባለቤት በማረፋቸው ማኅበሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል የሚል ነበር። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሣች። ታንኩን ለልዋጭ ነጋዴ አውጥታ የሰጠችውና በምትኩ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ የተቀበለችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ውዳቂ መስሏት ነው ማለት ትችል ነበር፤ አልመሰላትም። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሰባት ወር ስትደናቀፍበት ከርማ፣ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ እያወቀች ሰጠችው። ከዚያም ሟች በዚያው ሳፋ ካርቡሬተር ሲያጥቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማ አየች።

 በያጁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወጡና፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቃቸው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ተመለሱ። ሲፈታ ታንኩ ነበር።

«ከጠረጴዛዬ ሥር ነው የኖረው» አሉ። «ያን ዕለት ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ልዋጩን መንገድ ላይ አገኙት። ሰውየው ‹በሳፋ የለወጥኩት ነው፤ አልሰጥም› አለ። ጫማቸውን አውልቀው ለወጡት።»

ጸሐፊዋ ቀኑን አስታወሰች። ባሏ በካልሲ ገብቶ «ጫማዬን ሰረቁኝ» ሲላት፣ «አንተ ሰው፣ እግርህ ውስጥ እያለ ነው የሰረቁህ?» ብላ እስከ እራት ድረስ ቁም ስቅሉን አሳይታው ነበር።

«ታዲያ ለምን ቤታቸው አልወሰዱትም?» ሲሉ ምክትል ሊቀመንበሩ ጠየቁ።

«‹ሳፋውን ወዳዋለች፤ ይህን ይዤ ከገባሁ ትጠላዋለች። ለጊዜው አንተ ጋ ይቀመጥ› አሉኝ። እኔም ለጊዜው መስሎኝ።»

«እኛ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስንፈልግ ነበር?»

«እኔን ምን ትለኛለህ ዶክተር? ደብቅ ተባልኩ፣ ደበቅኩ።»

«አብረኸን ስትፈልግ ነበር እኮ!»

«ከሁላችሁም በላይ ነዋ! የት እንደሌለ አውቄ ነው የምፈልገው።»

ቃለ ጉባኤው ከዚህ በኋላ ሦስት መስመር ባዶ ነው። 

ጉባኤው የማኅበሩ ዓላማ ማኅበሩ ከመመሥረቱ ሁለት ወር አስቀድሞ የተሳካ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል። ታንኩ ሐሙስ ዕለት ተገጥሟል፤ ሞተሩም በሦስተኛው ምት ተነሥቷል። ጀሪካኑ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ በክብር ይሰቀላል። ሳፋው በአገልግሎት ላይ ይቆያል።

ማኅበሩ ለሴት ልጃቸው፣ ለሸሚዝ ፋብሪካው የቀድሞ ባልደረቦቻቸውና ለመላው አባላት ብርታትን ይመኛል። ለባለቤታቸው የሚሆነውን ቃል ጸሐፊዋ ብትፈልግ ስላጣችው፣ በያጁ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ አዘዋል፦ «እትዬ፣ ጋሼ ሳፋውን ወደውት ነበር። እግዜር ያጽናዎት።»

ማኅበሩ አይፈርስም። በጸሐፊዋ አቅራቢነት የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አንድ ተሻሽሏል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የምንፈልገው አንድ ጥንድ ቡናማ የወንድ ጫማ ነው፤ ቁጥሩ አርባ ሁለት፣ ባለ ማሰሪያ፣ የግራው ተረከዝ ለጊዜው ተብሎ በሁለት የስፌት መኪና ብሎን የተያዘ። ያየ ሰው ለጸሐፊዋ ያሳውቅ።