ውጤቱን ሳያዩ ያረፉት እናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በትምህርት ጎበዝ፣ በክርክር አይቻሌ ነበሩ፤ አስተማሪያቸውን ሰሌዳ ላይ አርመው ከክፍል የተባረሩት በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

በ1977 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ ተመርቀው ከከተማው ዳር ባለ የምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. እዚያው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ወንድሜንና እኔን ወለዱ። ሥራቸው ኒውትሪኖ በሚባሉ ከጠፈር በሚመጡ ኢምንት ቅንጣቶች ላይ ነበር። ቅንጣቶቹ ምድርን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ በደቡብ ዋልታ ጥልቅ በረዶ ውስጥ የተቀበሩት መሣሪያዎች የሚይዙት በጣም ጥቂቱን ነው። ታዲያ ኃይለኞቹ ከአንድ የሰማይ ጥግ ይመጣሉ ወይስ በአጋጣሚ የተበታተኑ ናቸው? እናታችን ዕድሜ ልካቸውን የጠየቁት ይህንኑ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ምንጩን አገኘሁ ብለው አሳወቁ። ስህተት ነበር። መረጃውን አስቀድመው አይተው፣ ቅንጣቶቹ በአጋጣሚ የተጠጋጉበትን የሰማይ ጥግ መርጠው ነበር የለኩት። ማንም ሳይደርስባቸው ራሳቸው ጽፈው አረሙት፤ ለወራት ቀና ብለው ሰው አላዩም። ከዚያ ወዲህ የስሌቱ ዘዴ ተመርምሮ እስኪጸድቅ ድረስ ቅንጣቶቹ የመጡበት እውነተኛ አቅጣጫ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አደረጉ። የይለፍ ቃሉ በአባታችን እጅ ነበር።

እንዲህ ተቆልፎ የተጠራቀመው የአሥራ ሁለት ዓመት መረጃ ሊከፈት አምስት ወር ሲቀረው፣ ሐኪማቸው ቢበዛ ሦስት ወር እንዳላቸው ነገሯቸው። ባልደረቦቻቸው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ለእርሳቸው ብቻ እንዲከፈት ለመኑ። “እኔ ካየሁ እናንተም ፊቴን አይታችሁ ታውቁታላችሁ” ብለው እምቢ አሉ። ወንድሜ ጮኸባቸው። እኔ አኮረፍኩ። አባታችን በአንድ ቃል ሊገላግሉን እየቻሉ መረጃውን አለመክፈታቸው ደግሞ ይበልጥ አናደደን።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እናታችን ዐይናቸውን ገልጠው አባታችንን “በቃ ንገረኝ፤ አለ ወይስ የለም?” አሏቸው። አለ ቢሏቸው ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። አባታችን እጃቸውን ይዘው “አላየሁም” አሉ። እናታችን “ጎሽ” ብለው ተኙ። የጠየቁት ጨንቋቸው ይሁን ሊፈትኗቸው፣ እኔና ወንድሜ እስካሁን አልተስማማንም።

እናታችን በቆሽት ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ውጤቱ ሐምሌ 30 ይከፈታል፤ ምንም ካልተገኘም ምንም እንዳልተገኘ ተጽፎ እንዲወጣ አደራ ብለዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። ከቀሯቸው ጥቂት ቀናት በኩርፊያ ላባከንናቸው ግን እርሳቸው ይቅር ይበሉን።