አፌንስ የት ጣልሽው?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ስምንተኛ “ለ” ዛሬም አዛጋ። ርዕሱ የማኅበረሰብ አገልግሎት... ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ገለበጡት፣ አለቀ። “ለሰው ምን አድርጋችሁ ታውቃላችሁ?” ብል መስኮት መስኮቱን አዩ። መጨረሻ ላይ ጸደንያ፣ “ቲቸር፣ እኛ ምን አለንና?” አለችኝ።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ እኮ። ትርጉም ከማስገለብጣቸው አንድ ታሪክ ብጽፍላቸውስ?

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጻፍኩ፤ አባዝቼ አደልኳቸው፣ አነበብኩላቸው። ጉልበቷን የታመመች፣ ጣራዋ የሚያፈስ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት። ሁለት ልጆች አለቀሱ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሌሎቹ ሲወጡ ጸደንያ ቀረች። “ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ። እትዬ ሀብትነሽ ናቸው አይደል?”

“ልብ ወለድ ነው” አልኳት።

ልብ ወለዱ ስሟ ብቻ ነው... እትዬ ሀብትነሽ ጎረቤቴ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥራቸው ሥር አልፌ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ቤታቸው ገብቼ ግን አላውቅም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ልጆቹ ቅዳሜ ሳይነግሩኝ ሄደዋል። ሃያ ምናምን ሆነው፣ ጤፍ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ ይዘው። እስከዚህ መልካም... ግን አንዷ እደጃቸው ቆማ ታሪኩን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ በስልኩ ቀረጸ። እትዬ ሀብትነሽ እስከ መጨረሻው ሰምተው በሩን ዘጉት። ጤፉ ደጅ ቀረ።

ጸደንያ አንገቷን ደፍታ ነው የነገረችኝ። “አጠፋን?” አለችኝ።

እናንተ አይደላችሁም፣ እኔ ነኝ። ግን አላልኳትም። ለምን አላልኳትም?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። እትዬ ሀብትነሽ ግቢ አላሉኝም። በራፉ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ።

“ጣራዬን ጻፍሽ፣ ጉልበቴን ጻፍሽ። አፌንስ የት ጣልሽው?”

አልገባኝም። ቤት ገብቼ ወረቀቱን አየሁት። አራት ገጽ። ሴትዮዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ሞጣ። ትናንት በሚኒባስ መጣሁ፣ አባቴን ለማየት... ለማየት ብቻ እንኳ አይደለም። አባቴ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

“ወይንእሸት፣ ሴትዮዋን ሰም አደረግሻት። ወርቁን ለራስሽ ወሰድሽ” አሉኝ።

“ምን ላድርግ ታዲያ?”

“እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሷን ጠይቂያት እንጂ።”

ስወጣ ግንባሬን ሳሙኝ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

እትዬ ሀብትነሽ ዛሬ በርጩማ አወጡልኝ። ታሪኩን ቀስ እያልኩ አነበብኩላቸው፣ እንዲያርሙኝ።

“‘አለቀሰች’ ይላል። መቼ አለቀስኩ? ጣራው ያፈሰሰ ዕለት የሠራውን አናጢ ስረግም ነው የዋልኩት።”

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ።

በወጣትነታቸው አልቃሽ ነበሩ ለካ... ከቢቸና እስከ ጉንደ ወይን ለቅሶ ባለበት ሁሉ ይጠሯቸው ነበር። ገጣሚ አጠገቤ ተቀምጦ እኔ ግጥም ከመጽሐፍ አስተምራለሁ። ስለ ልጆቹም ገጥመዋል፦

እህል ይዞ መጣ ሰው አክባሪ መስሎ፣
ጆሮውን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ።

ሁለቴ አስደገምኳቸው። “ለልጆቹ ልንገርልዎት?”

“አፍ አለኝ። ራሴ እነግራቸዋለሁ።”

ኅዳር 5፣ ዓርብ

እትዬ ሀብትነሽ በባጃጅ ትምህርት ቤት መጡ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ግጥሙን ሲሉት ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ... ከዚያ ሳቁ ቆመ። ገባቸው። ጸደንያ ተነሥታ ይቅርታ ጠየቀች። እኔም ተከትዬ፣ በልጆቹ ፊት፣ “ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩ። ቀለለኝ። አንዱ ልጅ፣ “ጣራዎን እናሠራልዎት?” አላቸው።

እትዬ ሀብትነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ጣራው ይሠራ፣ አልጠላም። በነጻ ግን አይሆንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ትመጣላችሁ፣ ግጥም አስተምራችኋለሁ።”

ዛሬ ሰሌዳ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ይታያል የሚባል አናጢ ቆርቆሮውን መታልን። ልጆቹ ምስማር አቀበሉ፣ ጭቃ አቦኩ፣ ግድግዳውን መረጉ። እትዬ ሀብትነሽ የባቄላ ንፍሮ አቀረቡ፤ አንድ ስንኝ ያልገጠመ አልበላም። እኔም ገጥሜ በላሁ። መጥፎ ግጥም፣ ጥሩ ንፍሮ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ተመስገን።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን በትኩሳት ተኛሁ። ታይፎይድ ነው አሉኝ። ዛሬ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሀብትነሽ፣ በምርኩዝ፣ ያንን ጉልበት ይዘው... ጸደንያ አጥሚት ይዛ ተከትላቸዋለች። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ።

“እንዴት ነሽ?”

“ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“እሱን ለመንገደኛ ንገሪ። እኔ ተቀምጫለሁ።”

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ተናገርኩ... ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶው ቤት እንዴት እንደሚያስፈራኝ፣ ለአባቴ እንኳ ደብቄው እንደኖርኩ። አላቋረጡኝም። አጥሚቱ ቀዘቀዘ። ጸደንያ ወስዳ አሞቀችው።

ሲነሡ፣ “ነገም እመጣለሁ” አሉኝ።

“አይድከሙ” ልላቸው ነበር... ተውኩት።

“እጠብቅዎታለሁ” አልኳቸው።